ጋሼ ከግሩፑ ወጥተዋል

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይህን ዓምድ ብዙ ጊዜ አነባለሁ፤ የራሴን ገመና ይዤ እመጣለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

34 ዓመቴ ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ ባንክ የአይቲ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። አባቴ ያረፈው ገና ልጅ ሳለሁ ስለሆነ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ወልድያ ተወልደው ያደጉ፣ በመምህርነት ጡረታ የወጡ፣ ዘንድሮ 70 ዓመት የሞላቸው፣ በሰፈሩ እድር ለረጅም ዘመን በጸሐፊነት ያገለገሉ ሰው ናቸው።

የቤተሰብ የዋትሳፕ ግሩፕ አለን። አዲስ አበባ፣ ወልድያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ያለነው ሁሉ የምንገናኘው እዚያ ነው። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አድሚኗም እኔው ነኝ። ጋሼ ስማርት ስልክ ከያዙ ወዲህ ግሩፑን የሚያጥለቀልቁት እሳቸው ናቸው። ጠዋት በነጭ ሽንኩርት ስለሚድን በሽታ፣ ቀን ስለ 5ጂ አንቴና፣ ማታ ደግሞ ቀይ ቀስት የተሰካበት «ሰበር ዜና»። ሞቱ የተባሉት ባለሥልጣን በማግሥቱ በቴሌቪዥን ሪባን ሲቆርጡ ይታያሉ፤ ጋሼ «ይሄ የድሮ ምስል ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን «ዛሬ ሌሊት ከ12፡30 እስከ 3፡30 አደገኛ የኮስሚክ ጨረር በምድር አጠገብ ስለሚያልፍ ስልካችሁን አጥፉ፤ ናሳ እና ቢቢሲ አረጋግጠዋል፤ ለምትወዷቸው ሁሉ አስተላልፉ» የሚል መልእክት ላኩ። እኔም «ጋሼ፣ ጨረሩ የሚመጣው በሐበሻ ሰዓት ነው በፈረንጅ?» ብዬ መለስኩ። ግሩፑ በሳቅ ፈነዳ። በኋላ ከባለቤታቸው እንደሰማነው፣ ጋሼ እንዳይሳሳቱ ብለው ስልካቸውን ከምሽቱ 12፡30 ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ አጥፍተውት አድረዋል።

ከዚያ ወዲህ የጋሼን መልእክት እየተከታተሉ ማረም የእኔ ሥራ ሆነ። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ «አንቺ ባትኖሪ ኖሮ ይሄ ግሩፕ ያሳብደን ነበር» ትለኛለች። ጋሼ ግን እየቆየ ያኮርፉ ጀመር። ለምሳሌ ልጃቸው ሕክምና ትማራለች፤ ወደፊት ሬዲዮሎጂስት መሆን ነው የምትፈልገው። እኔም ከሰማሁት ፖድካስት ተነሥቼ «በአምስት ዓመት ውስጥ ራጅ የሚያነበው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነው፤ ጊዜሽን አታቃጥዪ» ብዬ ሊንኩን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩላት። ጋሼ ክፉኛ ተቆጡ። ሳይንስ ሲነገራቸው አይወዱም።

ነገሩ የፈነዳው በፋሲካ ነው። በአንድ የኤአይ መተግበሪያ የጋሼን ፎቶና ከድምፅ መልእክታቸው የወሰድኩትን ድምፅ አቀናብሬ ዜና አንባቢ አደረግኋቸው። ከረባት አሥረው፣ ከኋላቸው «ሰበር ዜና» ተጽፎ፣ «ከመጪው ወር ጀምሮ የእድር መዋጮውን በቴሌብር ያልከፈለ አባል ቀብሩ አይፈጸምም» ይላሉ። ቀልድ መሆኑ ግልጽ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ማን እንዳወጣው ሳይታወቅ ቪዲዮው የሰፈር ሰው ስልክ ውስጥ ገባ። ሁለት አሮጊቶች ቴሌብር የሚያወጣላቸው ሰው ፍለጋ ጋሼ ቤት ድረስ ሄዱ፤ አንድ አባል ደግሞ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ማን ፈቅዶልህ ነው በሬሳችን ላይ አዋጅ የምታውጀው?» ብለው ጮኹባቸው።

በዚያው ማታ ጋሼ ከግሩፑ ወጡ። አድሚን ስለሆንኩ የታየው ለእኔ ነው። ስደውል አያነሱም። እናቴ «ሄደሽ እግሩ ላይ ውደቂ» ትለኛለች። ግን ይቅርታ ብጠይቅ እኮ እሳቸው ልክ ነበሩ ማለት ነው፤ ነገ ደግሞ የሽንኩርቱና የጨረሩ ወሬ ይቀጥላል።

የባሰው ነገር ትናንት የሰማሁት ነው። ልጃቸው እንደነገረችኝ ጋሼ «ቪዲዮ ላይክ እያደረጉ በቀን ገቢ ማግኘት» የሚባል አፕ ጀምረዋል። 5 ሺህ ብር አስገብተው ስልካቸው ላይ 9 ሺህ ሆኖ ይታያል። አሁን ደግሞ ከቁጠባቸው 80 ሺህ ብር አውጥተው «ደረጃቸውን ሊያሳድጉ» ነው። ሊያስጥላቸው የሚችል እውቀት ያለኝ እኔ ነኝ፤ የማይሰሙትም እኔን ነው። ምን ላድርግ?

እውነት ይዤ ጥፋተኛ የሆንኩት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣

ስለ ሐበሻና ስለ ፈረንጅ ሰዓት ያነሳሽው ጥያቄ አስቆኛል፤ አልደብቅሽም። ያ መልእክት እኮ ከአሥር ዓመት በላይ በየአህጉሩ ሲዞር የኖረ ነው። ቀን የለውም፤ ሁልጊዜ «ዛሬ ሌሊት» ነው። ናሳም ቢቢሲም አላሉትም። የኮስሚክ ጨረር ደግሞ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ሌት ተቀን ወደ ምድር ይወርዳል፣ ከባቢ አየሩና የመሬት መግነጢሳዊ ኃይል አብዛኛውን ይመክቱልናል፣ ስልክ ብናጠፋ ባናጠፋ የሚለወጥ ነገር የለም። በነጭ ሽንኩርቱም ልክ ነሽ። የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮና ጊዜ ሽንኩርቱ ለጤና ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ከቫይረሱ እንደሚከላከል ግን ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። በ5ጂውም ልክ ነሽ፤ ግን እዚህ ላይ ጋሼን ብቻ አትውቀሺ። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት እንግሊዞች አንቴናው ኮሮና ያዛምታል ብለው የቴሌኮም ማማ ሲያቃጥሉ ነበር። እኛ አገር ኮሮና የገባው መጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም 5ጂን በሙከራ የጀመረው ግንቦት 2014 ላይ። በሽታው ያዛምተዋል ከሚባለው አንቴና ሁለት ዓመት ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

እንግዲህ በመረጃው በኩል ማንም የሚከራከርሽ የለም። እናትሽ «እግሩ ላይ ውደቂ» ሲሉሽ አንቺ የሰማሽው «ጨረሩ እውነት ነበር ብለሽ ፈርሚ» የሚል ይመስላል። እሳቸው ያሉት እሱን አይመስለኝም። ስለ ጨረሩ ይቅርታ ጠይቂ ያለሽ የለም። ይቅርታ የሚጠየቅበት ስለ ቪዲዮው ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ መዝገብ ነው።

ቪዲዮውን እስቲ ከጋሼ ደጃፍ ቆመሽ እዪው። ሁለት አሮጊቶች፣ ምናልባት ቁልፍ ብቻ ባለው ስልክ የሚጠቀሙ፣ ከሞትን በኋላ ሜዳ ላይ እንቀራለን ብለው ደንግጠው መጥተዋል። ለምን አመኑ? ያመኑት መተግበሪያውን አይደለም፤ የጋሼን ፊትና ድምፅ ነው። ያ ፊት ስንት ለቅሶ ላይ ቆሞ፣ ስንት መዋጮ በደብተር ጽፎ የገነባው አመኔታ ነው አንቺ ለ«ሰበር ዜና» ያዋልሽው። «ቀልድ መሆኑ ግልጽ ነበር» ብለሻል። ግሩፑ ውስጥ፣ ከጨረሩ ጀምሮ ታሪኩን ለሚያውቅ ሰው፣ አዎ ግልጽ ነው። ከግሩፑ አንድ እርምጃ ሲወጣ ግን ያው እንደሌላው ሁሉ ሐሰተኛ ቪዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ ነጭ የተነፋ ጃኬት ለብሰው የታዩበት ምስል በኤአይ የተሠራ ነበር፤ እሱን አምነው ካጋሩት መካከል ቴክኖሎጂ ላይ ውለው የሚያድሩ ሰዎችም ነበሩበት። የእድሩ አሮጊቶች በአንቺ ሥራ ቢታለሉ አይፈረድባቸውም።

ስትጠይቂኝ የጻፍሽው ዐረፍተ ነገር ላይ ልመለስ። «ይቅርታ ብጠይቅ እሳቸው ልክ ነበሩ ማለት ነው» ትያለሽ። ለምን? ይህ ሒሳብ ከየት መጣ? ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንዱ ነገር ልክ፣ በሌላው ጥፋተኛ መሆን ይችላል። ምናልባት ነገሩ ውድድር ሆኖብሽ ይሆን? ከሜሪላንድ የሚመጣው ጭብጨባ ደስ እንደሚልሽ ራስሽ ነግረሽኛል፤ ስለነገርሽኝም አከብርሻለሁ። ጋሼን በግል ደውለሽ «ይሄን መልእክት ከማን አገኙት?» ብለሽ ያነጋገርሽበት ቀን ግን በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። እርማቱ ሁሉ በአደባባይ ነው፤ አሁን የሚታረሙት ሰውዬ ደግሞ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው።

አሁን ወደ ጋሼ። ወልድያ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ ዘንድሮ 70 ሞልቷቸዋል ብለሻል። እንግዲያው በ1965 ዓ.ም. የ17 ወይም የ18 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። የወሎ ረሃብ ማለት ነው። ሰው ከየገጠሩ ወጥቶ በአውራ ጎዳናው ዳር ሲወድቅ፣ ሬዲዮው ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝት ያወራ ነበር። መንግሥት ነገሩን አፍኖት ቆየ፤ ዓለም በደንብ ያየው የእንግሊዝ ጋዜጠኛ ጆናተን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ለንደን ላይ ከታየ በኋላ ነው። የወልድያ ልጅ ግን ፊልም አያስፈልገውም ነበር፤ ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ረዳት፣ ከለቅሶ ቤት ሰምቷል፣ ብዙውንም በዓይኑ አይቷል። ያኔ እውነቱ የነበረው በወሬ ውስጥ ነው። ሐሰቱ ከሬዲዮው ነበር የሚመጣው።

ይሄ የሩቅ ዘመን ነገር ነው ካልሽ 2004 ዓ.ም.ን አስታውሺ፤ ያኔ አንቺም ለአቅመ ወሬ ደርሰሻል። ያን ክረምት ስለ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጤና የሰፈሩ ሰው አንድ ነገር፣ የመንግሥት ቃል አቀባዮች ሌላ ነገር ይሉ ነበር። እያገገሙ ነው፣ በቅርቡ ወደ ሥራ ይመለሳሉ ተባለ። ነሐሴ 15 ቀን ቴሌቪዥኑ ማረፋቸውን ተናገረ። በዚያ ክረምት ወሬ ያመነ ሰው ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ወሬ አንድ ጊዜ ልክ ስለሆነ ሁልጊዜ ልክ አይሆንም። የያኔው የናይጄሪያ ፕሬዚዳንት ሙሐመዱ ቡሃሪ ሞተዋል፣ አሁን የምታዩት ከሱዳን የመጣ አምሳያቸው ነው የሚል ወሬ አገሩን ስላጥለቀለቀው፣ ሰውዬው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ፖላንድ ላይ በዜጎቻቸው ፊት ቆመው እኔ እውነተኛው እኔ ነኝ ብለው ማረጋገጫ መስጠት ነበረባቸው። አንድ ሰው ራሱ መሆኑን በምን ያስረዳል? መታወቂያ ቢያወጣ እሱም ተሠርቷል ነው የሚባለው። ልክ እንደ ጋሼ «የድሮ ምስል ነው»። ነገር ግን እዚህም የወሬው አፈር ምን እንደነበር ልብ በዪ፤ ፕሬዚዳንቱ ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ለንደን ሲታከሙ ሕመማቸው ምን እንደሆነ ለሕዝብ አልተነገረም ነበር።

ስለዚህ ጋሼን «ለምን ያምናሉ?» ከማለት በፊት «በ1965 የት ነበሩ? ስለ ረሃቡ መጀመሪያ ከማን ሰሙ?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው ደስ ይለኛል። ለማስተማር ብለሽ አይደለም፤ ሰምተሽ የማታውቂው ነገር ስለሚኖር ነው። ከዚያ በኋላ ምናልባት የነጭ ሽንኩርቱን ነገር በሌላ ዓይን ታይው ይሆናል።

አንቺንም ትንሽ ልነካካሽ፤ ፈቃድሽ ይሁን። ጋሼ የራጁ ሊንክ ያስቆጣቸው «ሳይንስ ሲነገራቸው ስለማይወዱ» ነው ብለሻል። እኔ ደግሞ ልጃቸው የምትወደውን ሙያ በሰው ፊት ስላፈረስሽባት ነው የሚመስለኝ። ለመሆኑ ያ ትንቢት ሳይንስ ነው? ጄፍሪ ሂንተን በኤአይ ምርምር አንቱ የተባሉ ሰው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፊዚክስ ኖቤል ተሸልመዋል። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ሬዲዮሎጂስት ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ እንደሚበልጣቸው ግልጽ ነው፣ ቢበዛ አሥር ዓመት ነው የሚፈጀው ብለው ነበር። አምስቱ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2021 አለፈ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ ሆስፒታሎች የሬዲዮሎጂስት እጥረት ነው የሚያማርራቸው፤ ኤአዩ ገብቷል፣ ግን ሐኪሙን የሚያግዝ ሆኖ ነው የገባው። ሂንተን ራሳቸው ኋላ ላይ ነገሩን አስፍተው መናገራቸውን አምነዋል። አንቺ ያንኑ «አምስት ዓመት» አዲስ ካፖርት አልብሰሽ ለአንዲት ተማሪ ላክሽላት። እሱም እኮ ቀን የለውም፤ «ከዛሬ አምስት ዓመት በኋላ» የምትለው ነገር የ«ዛሬ ሌሊት» ታናሽ እህት ናት።

በዚህ በኩል ሁላችንም አለንበት። ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በ2010 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ስትመጣ ትዝ ይልሻል? ሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት የሰጠቻት፣ የሰው ልጅን ልትተካ ነው የተባለላት፣ የእኛው የአዲስ አበባው የኤአይ ኩባንያ የአይኮግ ላብስ ልጆችም በሶፍትዌሯ ላይ የሠሩባት። የአካሏ ክፍል ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጠፍቶ ነው የመጣችው። ዓለምን ልትቆጣጠር የመጣችው ሻንጣዋን መቆጣጠር አቃታት። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም «መጪው ዘመን ደረሰ» ሲል ጋሼ ያን ቀን ምን ብለው ይሆን? በእድር ጸሐፊ ዓይን ሳያዩዋት አይቀሩም።

እውነቴን ነው፤ የእድር ጸሐፊ እኮ የተዋጣለት ተጠራጣሪ ነው። ጡሩምባ ከመነፋቱ በፊት ጋሼ ምን ይጠይቃሉ? ማን ነገረህ? አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው? ቀብሩ የት፣ በስንት ሰዓት ነው? ሟች ለአባሉ ምኑ ናቸው? ገንዘብ ከመከፈሉ በፊትማ አማታቸው ሁለት ጊዜ የሞቱባቸውን አባላት ያውቃሉ። አንድ ሰው መንገድ ላይ «እገሌ ሞተ» ስላላቸው ብቻ ጡሩምባ አስነፍተው ያውቃሉ? በፍጹም። ለሞት ዜና እንዲህ የሚጠነቀቁ ሰው ለዋትሳፕ ዜና ያልተጠነቀቁት መጠርጠር ስለማይችሉ አይደለም። ስልኩ ውስጥ ያለውን ወሬ በእድሩ መዝገብ እንዲያልፍ የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ነው። አንቺ ጋ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጉዳይ ሞልቷል፤ ሲታረቁሽ አንድ መልእክት ይዘሽ «ጋሼ፣ ይሄ የእድር ዜና ቢሆን ያስነፉ ነበር?» በያቸው። ቀልድም ነው፣ ጥያቄም ነው፤ የሚስቁትም አብረውሽ ነው።

ዋትሳፕ ላይ የሚያግዝሽ አንድ ምልክትም አለ። ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት ከላዩ ሁለት ቀስት ይታይበታል። ኩባንያው ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ዓይነቱን መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲላክ ገድቦታል። ለጋሼ ስታሳዪያቸው «ሁለት ቀስት ካለው ውሸት ነው» አትበዪ፤ እውነትም ብዙ ሊዞር ይችላል። «ሁለት ቀስት ካለው የላከው ሰው የጻፈው አይደለም፤ መነሻው አይታወቅም» በያቸው። መነሻው የማይታወቅ የሞት ዜና ምን እንደሚደረግ እሳቸው ያውቃሉ። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ ለራስሽ ሊንኮች እንዲሁ አድርጊ፤ ፖድካስቱን ጨምሮ።

ይቅርታው ላይ እንምጣ። በስልክ አይሁን፤ ስልክ ነው ጉዳዩን ያበላሸው። እናትሽን ይዘሽ ሂጂ ወይም ብቻሽን፤ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ብሆን ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ሽማግሌ ይዞ መሄድ ሰውዬውን ይቅር ለማለት ያስገድደዋል፤ ጋሼ ደግሞ መጀመሪያ መቆጣት ያለባቸው ይመስለኛል። ይቆጡ። ጉልበት መሳም ካለብሽ ሳሚ፤ ያሳደጉሽ ሰው ናቸው፣ ክብርሽ አይቀንስም። ስትናገሪ ደግሞ ነገሩን በስሙ ጥሪው፤ «ፊትዎንና ድምፅዎን ሳላስፈቅድ ወሰድኩ፣ በእድርዎ ፊት አዋረድኩዎት» በይ። «ካስቀየምኩዎት ይቅርታ» የሚለውን እንዳትዪ። ስለ ጨረሩ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ 5ጂው በዚያ ቀን አንዲት ቃል አይውጣሽ። እሳቸው ቢያነሱት እንኳ «ሌላ ቀን እንጫወተዋለን» በይና እለፊው።

ቀጥሎ ያለው ይከብዳል፤ ግን ከሁሉም የሚያስፈልገው እሱ ይመስለኛል። ስማቸው የጠፋው እድሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚደረግ ይቅርታ ስብሰባው ላይ የተጮኸባቸውን አያነሳላቸውም። ጋሼ ከፈቀዱ በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ላይ ተገኝተሽ ቪዲዮውን የሠራሽው አንቺ መሆንሽን፣ ጋሼ እንዲያ ብለው እንደማያውቁ፣ ኮምፒውተር የሰው ፊትና ድምፅ አስመስሎ መሥራት እንደሚችል ተናገሪ። ስልክሽን ይዘሽ ሂጂና ካስፈለገ እንዴት እንደሚሠራ አሳዪያቸው። ማፈርሽ አይቀርም። ግን ለእነዚያ አሮጊቶች ከዚህ የተሻለ ትምህርት የሚሰጣቸው ሰው አይመጣም፤ ነገ ልጃቸውን መስሎ ገንዘብ ላኩልኝ የሚል ድምፅ ሲደወልላቸው ያስታውሱሻል። ካልፈቀዱሽ ተዪው፤ ቢያንስ ሁለቱን አሮጊቶች ቤታቸው ሄደሽ አናግሪያቸው። ቪዲዮውን ከግሩፑ አጥፊ፤ የላኩትንም አንድ በአንድ ደውለሽ እንዲያጠፉ ጠይቂ። ሁሉም አያጠፉም፤ እሱን እወቂው።

ወደ ግሩፑ መልሰሽ አታስገቢያቸው። ሲፈልጉ ራሳቸው ይጠይቁሻል። ካልጠየቁም ምንም አይደል፤ ጋሼ ያለ ዋትሳፕ 60 ምናምን ዓመት ኖረዋል።

80 ሺህ ብሩ ግን ይቅርታውን የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። እንዲህ ያሉት አፖች አሠራራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ በመጀመሪያ ጥቂት ይከፍላሉ፣ ስልኩ ላይ ቁጥሩ ያድጋል፣ ከዚያ «ቪአይፒ» እያሉ ደረጃ ይሸጣሉ፣ ብዙ ሲገባ ማውጫው ይዘጋል፣ ለመክፈት ደግሞ «ግብር» ክፈል ይላሉ። ላይክ ማድረግ ለማንም ይህን ያህል ገንዘብ አያስገኝም፤ ለቀደመው የሚከፈለው ከኋላ ከገባው ኪስ ነው። በዚህ መታለል ከትምህርት ማነስ ነው ብለሽ እንዳታስቢም። ዋንኮይን የተባለውን የሐሰት ዲጂታል ገንዘብ የሸጠችው ሩጃ ኢግናቶቫ የዶክትሬት ዲግሪ አላት፤ ለንደን ዌምብሌይ አዳራሽ ሞልቶ ተጨብጭቦላታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ከቡልጋሪያ ዋና ከተማ ከሶፊያ ወደ አቴንስ በረረች፣ በዚያው ጠፋች። ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው የተሰበሰበው፤ ኤፍቢአይ ዛሬም ይፈልጋታል።

ጋሼ አንቺን ስለማይሰሙ ይህን አንቺ አትንገሪያቸው። ልጃቸው ትንገራቸው፤ እሷም «ተታለሉ» አትበላቸው። «አባዬ፣ 80ውን ከማስገባትህ በፊት ያለውን 9 ሺህ በሙሉ አውጣውና ባንክህ ውስጥ አሳየኝ» ትበል። ትንሽ ቢከፍሏቸው እንኳ ማስረጃ አይደለም፤ ማጥመጃው እሱ ነው። ስለዚህ «በሙሉ» የምትለዋን እንዳትረሳ። አፑ አልከፍልም ካለ ወይም ግብር ክፈሉ ከተባሉ መልሱ ራሱ መጣ ማለት ነው። ያስገባቸው ሰው የእድር ወዳጃቸው ከሆነም ልጅቱ ትጠይቅልሽ፤ እነዚህ ነገሮች የሚዛመቱት በወዳጅ ነው፣ እሱም አሁን ገንዘቡ ተይዞበት ይሆናል።

ሬዲዮሎጂውን በተመለከተ ያልሻትን እያነሳሽ በዛሬው ስልክ አታደናግሪያት፤ የሷ ይቅርታ ሌላ ቀን ይሆናል። ዛሬ ማታ ደውዪላት፣ ነገ ጠዋት ባንክ ሳይከፈት አባቷን እንድታገኛቸው።